ሣሩ የሞተበት ግማሽ

ሣሩን ረግጬ ነው ወደ ሬሳው የሄድኩት።

በሜዳው ዳር የቆመው ሰሌዳ «መድኃኒት ተረጭቷል፤ ሣሩን አትርገጥ። አዎ፣ አንተን ነው!» ይላል። አንብቤዋለሁ። ግን መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ደግሞም ሰው ሞቶ ለሣር የሚጨነቅ ፖሊስ አላውቅም። ከሜዳው ማዶ ካለው መጋዘን በር ስደርስ የጫማዬ ጫፍ ሰማያዊ ሆኗል።

«ሻለቃው ቢያይዎት ይገድልዎት ነበር» አለኝ ሃምሳ አለቃው። አብረን አሥራ አንድ ዓመት ሠርተናል፤ ለቀልድ ሰዓት አይመርጥም።

ሻለቃው ማንንም ማየት አይችልም ነበር። በሸሚዝና በሱሪ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ከራስ ቅሉ በስተኋላ ደም፣ ከጎኑ አንድ ክንድ የሚሆን የብረት ቱቦ። ወታደር ሆኖ አያውቅም። የስፖርት ክለቡን የሣር ሜዳ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያዝበት ስለኖረ የወጣለት ስም ነው። የክለቡን ፕሬዚዳንት ሳይቀር ከሣሩ ላይ አስወርዷል ይባላል።

መጋዘኑ ከብዙ ሰው ቤት ይጸዳል። የሣር ማጨጃው ማሽን፣ በጀርባ የሚታዘለው መርጫ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት አንድ ጀሪካን፣ ጨርቅ የሌለው ሌላ ጀሪካን። ሚስማር ላይ ነጭ ቱታ፣ የአፍ መሸፈኛና ሰፊ ባርኔጣ ተሰቅለዋል። ከቱታው ኪስ የላስቲክ ጓንት ጫፍ ወጥቷል፤ ገና አልደረቀም፣ እሱም ሰማያዊ ነው።

እናትየው ከእኛ ኋላ ደረሱ። አላለቀሱም። ልጃቸውን አዩት፣ ግድግዳውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ልጄ ጓንቱን ሳያጥብ አያወልቅም» አሉ።

«እማማ፣ አሁን ሐዘን ላይ ነዎት…»

«ሐዘን ላይ ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም። አጥቦ፣ ግድግዳው ላይ ባሉት በእነዚያ ሁለት እንጨቶች ገልብጦ ይሰቅለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ልብሱን ያጠብኩለት እኔ ነኝ።»

«እሺ እማማ፣ እንይዘዋለን» አልኩና ጓንቱን በከረጢት አስገባሁት። ለማስተዛዘን ያህል ነው። ጣቢያ ስገባ ካዝና ውስጥ ቆለፍኩበትና ረሳሁት። በጣቢያው ከኋላዬ «ሬት» ይሉኛል። ምላሴ ይመርራል ለማለት ነው፤ ጆሮዬም እንደማይሻል ያን ዕለት አልታወቀኝም።

*

የዋናው በር ጥበቃ እንደነገረን ሻለቃው የገባው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ቀጥሎ በዚያ በር የገባ ሰው ታናሽ ወንድሙ ብቻ ነው፤ አራት ሰዓት ላይ። ከገባ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው እየሮጠ ወጣ። ጥበቃው ሄዶ ሲያይ ሬሳ አገኘ። ሐኪሙ «ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ሞቷል፤ ከዚህ በላይ አታስለፍልፉኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

ታናሽየውን ከሰዓት በኋላ ያዝነው። ከወንድሙ ሥር ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ማጨጃውን የሚነዳው እሱ ነው።

«ትናንት ከሥራ ስትወጡ በር ላይ ተጣልታችኋል» አልኩት። «‹አንቄ ነው የምገድልህ› ብለኸዋል። አራት ሰው ሰምቷል።»

«ብያለሁ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

መሬት መሬቱን አየ።

«ዛሬ ለምን ሮጥክ?»

«ሞቶ አገኘሁት።»

«ሰው ወንድሙን ሞቶ ሲያገኝ ይጮኻል እንጂ ይሮጣል?»

«አንቺ ወንድም ሞቶብሽ ያውቃል?»

«እዚህ የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

«ጠይቂያ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። እኔም ዝም የሚል ሰው አልወድም፤ ንዴቴ ፍርዴን ቀደመው።

ፍርድ ቤቱ የአሥራ አራት ቀን ቀጠሮ ሰጠን። በአሥራ አምስተኛው ቀን መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ በያዝኩት ማስረጃ ደግሞ ልጁ የዕድሜ ልክ እሥራቱን አያመልጥም። እናትየው ይህን ከእኔ እኩል ያውቃሉ። በማግስቱ ጠዋት መጥተው ከቢሮዬ በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«አንዱን ቀበርኩ» አሉኝ። «ሁለተኛውን አንቺ ከነነፍሱ ልትቀብሪው ነው። እዚህ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ።»

በየቀኑ መጡ።

*

ለወጉ ያህል ሌሎቹንም ጠየቅሁ። ከክለቡ አጥር ኋላ አትክልት የሚያለማ ጎረቤት አለ። ከግድያው ሦስት ሳምንት በፊት፣ ነፋስ በነበረበት ቀን፣ ሻለቃው የረጨው መድኃኒት አጥር ተሻግሮ ቲማቲሙን ፈጅቶበታል። አጥሩ ሥር የቀሩትን አሳየኝ። ግንዳቸው ተጣሟል፣ ቅጠላቸው እንደ ወፍ ጥፍር ተኮማትሯል።

«ስለ ሻለቃው…» ስለው አላስጨረሰኝም።

«ደስ ብሎኛል። ጻፊው። ደስ ብሎታል ብለሽ ጻፊ።»

«መርዙን ራሱን አጠጣዋለሁ ብለህ ዝተህበታል።»

«ዝቻለሁ። ቲማቲም የሞተበት ሰው ምን ይበል፣ እግዜር ይስጥልኝ ይበል? ግን አልገደልኩትም። ቀድሞኝ የገደለው ሰው ይባረክ።»

«ያን ቀን አየኸው?»

«ከንጋት ጀምሮ ምርቴን ስለቅም ነበር። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ በዚያ ነጭ ቱታው ሲረጭ አየሁት። ደግሞ እንዳይቀርብኝ ነው መሰለኝ እስከ አጥሬ ድረስ መጥቶ ረጭቶብኝ ሄደ። ችግኞቼ ላይ ላስቲክ እየጎተትኩ ስረግመው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ከዚያ አራት ሆነን በአንድ መኪና ወደ ገበያ ሄድን።»

አራቱም ሰዎች መሰከሩለት። ሟቹን የሚጠላ ሰው ‹እስከ ሦስት ሰዓት በሕይወት ነበር› ካለ፣ ለሟቹ ብሎ አይዋሽም። ስለዚህ ግድያው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው አልኩ።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ በሦስት ሰዓት ከአርባ ከተማው ሌላ ጫፍ ሃምሳ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። ከቤቱ በቀጥታ ነው የሄድኩት አለ። ከክለቡ እዚያ ድረስ መንገዱ ባይዘጋ እንኳ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ቢሮው ስገባ ከወንበሩ አልተነሣም፤ ጣቱ ላይ ያለው ባለ ድንጋይ ቀለበት የበር ጓጉንቸር ያህላል።

«ይኸውልሽ» አለኝ፤ አንቺ ማለት የጀመረው ሰላምታ ሳንለዋወጥ ነው፤ «ሰውየው አስቸጋሪ ነበር። ለአረም ይህን ያህል ፍልስፍና! ዛሬ ነፋስ አለ፣ ዛሬ ሣሩ ገና ታጭዷል፣ ነገ ይዘንባል። መርዝ መርዝ ነው፣ ረጭተህ ገላግለኝ እለው ነበር። ወንድምየው ትዕግሥቱ አልቆ ነው።»

«የኋላው በር ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?»

«አንዱ ሟቹ ጋ፣ አንዱ እዚህ ቢሮ። ምነው? ወንድምየው በዋናው በር ነው የገባው እኮ።»

ልክ ነው፣ በዋናው በር ነው የገባው። መዝገቡን ዘጋሁ ማለት ይቻላል።

*

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ ጩኸት ነበር።

«መጥተሽ ጉድሽን እዪ! ያ የሞተ ሰውዬ ሜዳዬን አቃጥሎብኝ ነው የሞተው! ውድድር አለብኝ! በመዝገቡ ላይ አስገቢው!»

ከሃምሳ አለቃው ጋር ሄድን። በዚህ ጊዜ በዳሩ ዞርኩ።

ሜዳው ለሁለት ተከፍሏል። በመጋዘኑ በኩል ያለው ግማሽ ለምለም ነው፤ በሣሩ መሐል ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው አረሞች ብቻ ተጠማዝዘው ደርቀዋል። ወዲያ፣ በጎረቤት አጥር በኩል ያለው ግማሽ ግን አረሙም ሣሩም አንድ ላይ እንደ አሮጌ ጆንያ ቢጫ ሆኗል። የለምለሙ ጠርዝ በክር የተሰመረ ነው። የሞተው ግማሽ ጠርዝ ግን አንዴ ይገባል አንዴ ይወጣል።

«ሰክሮ ይሆናል» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ሻለቃው መጠጥ አይቀምስም።»

«እንግዲያው እኛ ነን የሰከርነው» አለ። አልሳቅሁም።

ፎቶ አንስቼ ወደ እሥር ቤት ገባሁ። ታናሽየው ጢሙ አድጎ፣ ትከሻው ወርዶ ነበር። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አደረግሁለት። ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ።

«ይሄንን ማን ነው የረጨው?»

«ወንድምህ፣ የሞተ ቀን።»

«ይሄኛውን አዎ» አለና ጣቱን ለምለሙ ላይ አኖረ። «ይሄኛውን አይደለም። በልጄ እምላለሁ አይደለም።»

«አስረዳኝ።»

«ሁለት ጀሪካን አለን። ጨርቅ የሌለው፣ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ብቻ ነው የሚገድለው፤ ሣሩን አይነካውም። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ለጠጠር መንገዱ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይፈጃል። ሥራ የጀመርኩ ቀን ሁለቱን አሳየኝና በጥፊ አጮለኝ።»

«ለምን?»

«እንዳልረሳው። ይኸው አልረሳሁትም።» ጣቱን ከፎቶው አነሣ። «ወንድሜ ገመድ ዘርግቶ፣ የረጨውን ላለመርገጥ ወደ ኋላ እየሄደ ነው የሚረጨው። የረጨው እንዲለይለትም በሁለቱም ጀሪካን ውስጥ አስቀድሞ ሰማያዊ ማቅለሚያ ይጨምራል። አንድ መርጫ ሙሉ ለሜዳው ግማሽ ይበቃል። ሲያልቅ ጓንቱን ያጥባል፣ ቱታውን ይሰቅላል፣ ታጥቦ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ነው ሁለተኛውን የሚሞላው።»

«ያን ቀን የመጀመሪያውን በስንት ሰዓት ይጨርስ ነበር?»

«ሁለት ሰዓት ሳይሞላ።»

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ። ሻለቃው ታጥቦ ውሃ ሊጠጣ በተቀመጠበት ነው የተመታው። ከዚያ እስከ ሦስት ሰዓት ጎረቤቱ ያየው ሰው ነጭ ቱታ እንጂ ሻለቃው አይደለም።

«በምን ተጣላችሁ?» አልኩት፤ አሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ይህን ጊዜ አለቀሰ። «በደብዳቤ ነው። በነፋሱ ቀን አልረጭም ሲል ሥራ አስኪያጁ አስገደደው። እሱም ‹ፈርምልኝ› ብሎ ትዕዛዙን በጽሑፍ ተቀበለው። ቲማቲሙ ከሞተ በኋላ ሰውየው ‹እኔ አላዘዝኩም› ብሎ ካደ። ወንድሜ ወረቀቱን ለጎረቤት ሰጥቼ እመሰክራለሁ አለ። ሁለታችንም ከሥራ እንባረራለን ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ። ቀምቼ ቀደድኩበት። ‹ቢቀደድም አለኝ ብዬ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ› አለ። አንቄ እገድልሃለሁ ያልኩት ያኔ ነው።» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሞቶ ሳገኘው የገደልኩት እኔ መሰለኝ። ለዚያ ነው የሮጥኩት።»

*

አትክልተኛው እንደገና ሲያየኝ አልተደሰተም።

«ያን ቀን ሲረጭ እንዴት ነበር የሚሄደው?»

«ማን?»

«ባለ ነጭ ቱታው።»

«ወደ ፊት ነዋ። አቧራ እንዳይነሣ ውሃ እንደሚረጭ ሰው እጁን ግራና ቀኝ እያወናጨፈ። አዲሶቹን ችግኞቼንም ፈጃቸው፤ ላስቲኩ አላዳናቸውም።»

«ሻለቃው እንደዚያ ይረጫል?»

ትንሽ አሰበ። «አይረጭም። እሱ የኋሊት ነው የሚሄደው፣ እንደ ሸርጣን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ! ‹አየኸው ወይ› አልሽኝ፣ አየሁት አልኩሽ።»

መኪና ውስጥ ሃምሳ አለቃው «ይሄ ሰውዬስ?» አለኝ። «ሰዓቱ ከተለወጠ የገበያው ምስክር አያድነውም።»

«በገዛ ችግኙ ላይ ሁሉን ገዳይ መርዝ ይረጫል? እሱ መድኃኒት ከመድኃኒት ይለያል፣ በደንብ ተምሮበታል። ታናሽየው ደግሞ በጥፊ ተምሯል። እኛ የምንፈልገው መርዝ ሁሉ አንድ የሚመስለውን ሰው ነው።»

ሃምሳ አለቃው መኪናውን ወደ ጣቢያው አዞረ።

ካዝናውን ከፈትኩ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ወርቁን አሥራ ሁለት ቀን ቆልፌበት ኖሬያለሁ። ጓንቱን ነጭ ወረቀት ላይ ዘረጋሁት። በግራው፣ የቀለበት ጣቱ ላይ፣ ላስቲኩ ተቀድዷል። ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የተቀደደው። ሻለቃው ቀለበት አድርጎ አያውቅም፤ ሚስትም አልነበረችውም።

አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሴትዮ ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

*

ሥራ አስኪያጁን ሜዳው ላይ፣ በሞተው ግማሽ መሐል ቆሞ አገኘነው።

«በመዝገቡ አስገባሽው?» አለኝ።

«አስገብቼዋለሁ። ይህን ግማሽ የረጨው ማን ይመስልዎታል?»

«ማን ይሆናል? ያ ሰውዬ ነዋ!»

«ሃያ ሁለት ዓመት ያልተሳሳተው ሰው በሞተ ቀን ጀሪካን ተሳሳተ?»

«ይሳሳታላ። ሁለቱም መርዝ ነው።»

«ሁለት ዓይነት መሆኑን ባለፈው አያውቁም ነበር። ‹መርዝ መርዝ ነው› ነበር ያሉኝ።»

«ይሄን ሁሉ ካቃጠለው በኋላ ነዋ ጠይቄ ያወቅሁት!»

ጓንቱን ከነከረጢቱ አወጣሁ። ቀዳዳውን ሲያይ ግራ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ያን ያደረገው ሳያስበው ነው፤ ካደረገው በኋላ ግን እሱም እኔም አወቅነው።

«ቀለበቱን» አልኩ።

«ምን?»

«ቀለበትህን አውልቅ። አንተን ነው!»

ቀስ ብሎ አወለቀ። ገልብጬ ወደ ፀሐይ አቀናሁት። ወርቁ ታጥቧል፣ ተወልውሏል። ከድንጋዩ ሥር፣ ብሩሽ በማይደርስበት ስንጥቅ፣ ፀጉር የመሰለ ሰማያዊ መስመር ዞሯል። በኋላ ላቦራቶሪው ከማቅለሚያው ጋር አንድ ነው አለ፤ እኔ ግን እዚያው ነው የጨረስኩት።

«ወረቀቱን አምጣ ነው ያልኩት» አለ። ድምፁ ውስጥ አሁንም ያለው ቁጣ እንጂ ጸጸት አልነበረም። «በኋላ በር ገብቼ በሰላም ጠየቅሁት። ‹በመጀመሪያ ከሣሬ ላይ ውረድ› አለኝ። እኔን! ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ውሃውን ይጠጣል። ቀና ስል ያ ጎረቤት አጥሩ ሥር ጎንበስ ቀና ይላል፣ ቱታው ተሰቅሏል… ለብሼው ብረጭ ሰውየው አሁንም በሕይወት ያለ ይመስለዋል አልኩ። ለአንድ አረም ነቃይ ነው ይህ ሁሉ?»

«ወረቀቱን አገኘኸው?»

«ኪሱንም መጋዘኑንም ፈትሻለሁ። የለም።»

«ከዋዜማው ጀምሮ አልነበረም። ወንድሙ ቀዳዶታል።»

አፉን ከፈተ። «ታዲያ በምን ነበር የሚዝትብኝ?»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን አጠለቀለት።

*

ታናሽየው የተፈታው በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ነው። ሄጄ ራሴ በሩን ከፈትኩለት። እናትየው ከአግዳሚው ተነሡ፣ ልጃቸውን ከራሱ እስከ እግሩ ዳበሱት፣ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ። ይቅርታ የምጠይቅባቸውን ቃላት ሌሊቱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት።

«እማማ፣ እኔ…»

«የመጀመሪያው ቀን ነግሬሽ ነበር» አሉኝ።

ልጃቸውን ክንዱን ይዘው ወጡ። ሃምሳ አለቃው አንድ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ተወው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ያየሁት የመጀመሪያው ጨዋነቱ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የተያዙትን ዕቃዎች ልመልስ ወደ ክለቡ ሄድኩ። ጓንቱና ቱታው ለፍርድ ቤት ቀርተዋል፤ የምመልሰው ባርኔጣውን ነበር። ታናሽየው በሞተው ግማሽ መሐል ተንበርክኮ አፈሩን ይኮተኩታል። ገመድ ዘርግቷል። በገመዱ በዚህኛው በኩል የተዘራው ሣር መብቀል ጀምሯል፤ እንደ ሕፃን ፀጉር የሳሳ ነው። ባርኔጣውን እንደያዝኩ ወደ እሱ ተራመድኩ።

ቀና አለ። ባርኔጣውን አየ፣ ጫማዬን አየ።

«ከሣሩ ላይ ውረጂ» አለኝ።

ወረድኩ። ባርኔጣውን ሰሌዳው ጫፍ ላይ ሰቅዬ በዳሩ ዞሬ ሄድኩ።